ክፍሉ ተይዟል

ሬሳውን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ጠዋት ሠራተኛው ሳይገባ መጥረጊያዋን ይዛ ሰባተኛ ፎቅ ስትደርስ፣ በትንሿ የስብሰባ ክፍል በር ጎን የተሰቀለችው ስክሪን አረንጓዴ በርታለች። አረንጓዴ ማለት ክፍሉ ነፃ ነው ማለት ነው። በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ሰውየው በጠረጴዛውና በግድግዳው መሀል በግንባሩ ተደፍቷል። ምንጣፉ ላይ ደም ደርቋል። ጠረጴዛው ላይ ያልተከፈተ የምሳ ዕቃ አለ።

«እሪ አልኩ እንጂ ሌላ ምን አደርጋለሁ፣ የኔ ልጅ?» አለችኝ፤ መጥረጊያዋን ገና አልለቀቀችም። «ቀይ ቢሆን ኖሮማ እኔም አልገባም ነበር።»

«ቀይ ቢሆን ምን ነበረበት?»

«ቀይ ‹ተይዟል› ማለት ነው። አንዷ ልጅ ቀይ በር ከፍታ ውኃ ልታቀርብ ገብታ፣ ሥራ አስኪያጁ እዚያው አባረራት። ከዚያ ወዲህ ቀይ በር የሚነካ የለም። ቢቃጠልም አይከፈትም!»

እኔ በመርማሪነት ስንት ቦታ ገብቻለሁ፤ እንዲህ ዓይነት መሥሪያ ቤት ግን ድሮም አይጥመኝም። ሁሉም ሰው በሹክሹክታ ያወራል፣ ሁሉም ፈገግ ይላል፣ ማንም ማንንም አይወድም። ሌባ ሰፈር ብትልኩኝ ይሻለኛል፤ እዚያ ቢያንስ የተጣላ ሰው ይሰዳደባል።

ሟቹ የኢንሹራንስ ሽያጭ ሠራተኛ ነው። መሥሪያ ቤቱ «ሳቂታው» ነው የሚለው፤ ፎቶውን ሳይ እውነታቸውን ነው። ሽያጮች ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ፍለጋ ስለሚወጡ ማንም አልፈለገውም። ግን ታላቅ እህቱ እዚያው ፎቅ ላይ፣ ካሳ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ሊፍቱን መጠበቅ አቅቷት በደረጃ ሮጣ መጣች። ሁለት ፖሊሶች ይዘዋት፣ ጫማዋ ወልቆ፣ በባዶ እግሯ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች።

«እናት ሆኜ ነው ያሳደግኩት» አለችኝ። «ማን ነው ይሄን በር የዘጋበት? እሱን ብቻ አምጪልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

«አመጣልሻለሁ» አልኳት። ምን አስቸኮለኝ!

ረዳቴ ሃምሳ አለቃ ሱፍ ሳይፈለፍል ማሰብ አይችልም። ኪሱ ሁልጊዜ ሱፍ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ካላንደር በሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተር ከፍቶ ጠራኝ። ይሄ ሁሉም ሠራተኛ የሚጋራው ካላንደር ነው፤ ማን የትኛውን ክፍል ከስንት እስከ ስንት እንደያዘ ያሳያል።

«ይኸው፣ ኢንስፔክተር። ትንሿ ክፍል ትላንት ከምሳ ሰዓት እስከ ሥራ መውጫ ድረስ ተይዛለች። ምክንያቱ ‹ሙከራ› ይላል። የያዘው ካላንደሩ ነው።»

«ካላንደሩ ራሱን ያዘ?»

«አይ፣ ቅጽል ስሙ ነው። የኮምፒውተር ቴክኒሻኑ። ክፍል እምቢ ያለው፣ ሁለት ስብሰባ የተጋጨበት፣ ያልያዘው ክፍል በስሙ የተያዘበት ሁሉ እሱ ጋ ይሮጣል።»

ካላንደሩ ቀጭን፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ወጣት ነው። የጓደኛውን መሞት ስነግረው ግድግዳውን ይዞ ቁጭ አለ። አለቀሰ። የጠየቅኩትን ግን አልመለሰልኝም።

«ክፍሉን ለምን ያዝከው?»

«ለሙከራ።»

«የምን ሙከራ?»

ዝም።

«እሺ፣ ከእሱ ጋር ምን ትሠራ ነበር?»

ዝም። አንገቱን ሰብሮ እንባውን ይጠርጋል። እንዲህ ዓይነት ዝምታ ስንቱን እስር ቤት እንደከተተ አይቻለሁ፤ ጀርባው ላይ አንድ ቢያቀምሱት ደስ የሚላቸው ባልደረቦችም አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ነገር ሁሉ እሱ ላይ ተደራረበ። የሊፍቱ ካሜራ ትንሿን ክፍል በጥጉ ያሳያል፤ ቪዲዮው ላይ ሳቂታው ገባ፣ ካላንደሩ ተከተለው፣ ጥቂት ቆይቶ ካላንደሩ ብቻውን ወጣ። ሌላ የገባም የወጣም የለም። ዋና ኮምፒውተሮቹ ባሉበት ሰርቨር ክፍል ያለውን መሳቢያውን ስናስከፍት ደግሞ መርፌና ብልቃጥ ተገኘ። ከዚያ የካሳ ክፍል ኃላፊው መጣ፤ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ነው የገባው።

«ትላንት ጠዋት ሲጣሉ ሰምቻለሁ» አለኝ። «ካላንደሩ ‹አንድ ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ ሞተህ ትገኛለህ!› እያለ ይጮህበት ነበር። በጆሮዬ!»

«እርስዎስ ከሟቹ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«እኔ? ሰላም ነበርን።»

«ሽያጮች እንደዚያ አላሉኝም። ባለፈው ለዚችው ክፍል ስትሉ አንገት ለአንገት ልትተናነቁ ነበር አሉ።»

ፊቱ ቀላ። «የሥራ ጉዳይ ነው እሱ! ሰባተኛ ፎቅ ላይ ሁለት የስብሰባ ክፍል ብቻ ነው ያለው። እኛ ካሳ ጠያቂ እናነጋግርበታለን፣ እነሱ ደንበኛ ያሳስቁበታል። ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነበርኩ። ይጠይቁ።»

ጠየቅኩ፤ እውነቱን ነው። አየር ለመቀበል ወደ ኮሪደር ወጣ ከማለቱ በቀር እዚያው ነበር። ቪዲዮውም እሱ ክፍሉ ውስጥ ሲገባ አያሳይም። ደስ አላለኝም፤ እሱን ባስር ነበር ደስ የሚለኝ።

የሆስፒታሉ ሐኪም ወሬ አያበዛም።

«ሆዱ ላይ ብዙ የመርፌ ቀዳዳ አለ። ስኳር በሽተኛ ነው። ኢንሱሊን ወስዶ ምግብ አልቀመሰም። ስኳሩ ወረደ፣ ራሱን ሳተ፣ ሲወድቅ ግንባሩ የጠረጴዛውን ጠርዝ መታ።»

«ምቱ ነው የገደለው?»

«አይደለም። እንደወደቀ ማንም ስላላነሳው ነው የሞተው። ከሰዓት በኋላ ሙሉ በሕይወት ነበር። አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ቢጮህ ኖሮ ዛሬ ሥራ ላይ ነበር።»

ይሄን ለአለቃዬ ለኮማንደሩ ስነግረው እጁን አፋተገ።

«በቃ፣ አለቀ ደቀቀ! በመርፌ ወጋው፣ ራሱን ሲስት ጥሎት ወጣ፣ ማንም እንዳይገባ እስከ ማታ በሩን በስሙ ያዘው። ግድያ ነው። ነገ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ ላኪልኝ።»

«ለምን ይገድለዋል?»

«እሱን ራሱ ይናገራ! አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ጥያቄሽ አያልቅም።»

አያልቅም። ማታውኑ ካላንደሩ የታሰረበት ክፍል ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የስኳሩን ነገር እንደማውቅ ነገርኩት። ትከሻው ወረደ።

«ለምን ዝም አልክ?»

«ቃል ገብቼለታለሁ።»

«ሞቷል እኮ!»

«ሲሞት ቃሌን አልመለሰልኝም» አለ። ከዚያ ግን ተናገረ። «እህቱ እንዳትሰማ ነበር ፍርሃቱ። አባታቸው በዚሁ በሽታ እግሩ ተቆርጦ ነው የሞተው። ያስታመመችው እሷ ናት፤ ትዳርም ሳትይዝ ቀረች። ‹አሁን ደግሞ እኔን ታስታምም? አይሆንም› ይል ነበር። መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል፤ ከሰርቨር ክፍል የሚቀዘቅዝ የለም። እኔ አስቀምጥለታለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ትንሿን ክፍል ‹ሙከራ› ብዬ ለግማሽ ሰዓት እይዝለታለሁ። እዚያ ገብቶ ይወጋል፣ ይበላል፣ ይወጣል።»

«የጠዋቱስ ጠብ?»

«ወግቶ መብላት ይረሳል። ስልክ ከተደወለለት አለቀ። እሱን ነው የተቆጣሁት። ያን ቀንም መርፌውን ተቀብዬው ስወጣ ‹ብላ!› አልኩት። ደንበኛ ደወለለት፣ በእጁ ‹ሂድ ሂድ› አለኝ። ሌላኛው ቅርንጫፍ ካላንደራቸው ተበላሽቶ ይጠብቁኝ ነበር። ሄድኩ።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አፉ ውስጥ ጎርሶ ሳላይ መሄድ አልነበረብኝም።»

«የመሥሪያ ቤቱ ካላንደር ግን እስከ ማታ ይዘኸዋል ይላል።»

«እሱ ነው ያልገባኝ! ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የያዝኩት። ሽያጮች ራሱ ይሄንኑ ነው የሚያማርሩኝ፤ ‹ክፍሎቹ ባዶ ሆነው ተይዘዋል ይላሉ፤ የያዙት ሰዎች ደግሞ አልያዝንም ይላሉ›። ያላየሁት ነገር የለም። ሥራ የለቀቀ ሰው የድሮ ስብሰባው ሳይሰረዝ ቀርቶ እንደሆነ ብዬ አጸዳሁ። በየሳምንቱ ራሱን የሚደግም ስብሰባ ካለ ብዬ አጠፋሁ። የሰዎቹን ስልክ አየሁ። ችግሩ ተመልሶ ይመጣል።»

«አንተ ካልሆንክ ስምህን ማን ጻፈው?»

«መጀመሪያ የያዘው ሰው ስም ነው ሁልጊዜ የሚቆየው። ሌላ ሰው ቢያራዝመውም የእኔ ስም እንዳለ ይቀጥላል።»

«ሌላ ሰው እንዴት ያራዝመዋል?»

«በሩ ጎን ካለችው ስክሪን ላይ። ‹ግማሽ ሰዓት ጨምር› የምትል ምልክት አለች። ስብሰባ የረዘመባቸው ሰዎች ብቅ ብለው እንዲነኳት ነው። ማንነት አትጠይቅም፤ ከሥራ መውጫ ብቻ አታሳልፍም።»

ቀና ብዬ አየሁት። «ስክሪኗ ያለችው ከበሩ ውጭ ነው።»

«አዎ፣ ውጭ...» አለና አፉን ከፍቶ ቀረ። እሱ እድሜውን ሙሉ ችግሩን ኮምፒውተር ውስጥ ነው የፈለገው። ኮሪደር ላይ ቆሞ አያውቅም።

በማግስቱ ትንሿ ክፍል እንደታሸገች ናት። ትልቋን ክፍል ሃምሳ አለቃው ለግማሽ ሰዓት አስያዛት። ባዶዋን ናት፤ በሯ ላይ ግን ቀይ በርቷል። እኔ ከውኃ ማሽኑ አጠገብ ወንበር ስቤ፣ ጋዜጣ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ሃምሳ አለቃው ከሊፍቱ ጥግ ቆሞ ሱፉን ይፈለፍላል።

ግማሽ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ቦርጫም ሰውዬ ፋይል በብብቱ፣ ሻይ በእጁ ይዞ መጣ። በሩ ጋ ሲደርስ አልቆመም፤ ፊቱንም አላዞረም። ሻዩን እንደያዘ በትንሽ ጣቱ ስክሪኗን ጠቅ አድርጓት አለፈ።

«ወንድሜ! እስቲ አንዴ ና።»

«አቤት?»

«ምን አደረግክ አሁን?»

«ምን አደረግኩ?» ወደ ኋላ ዞሮ በሩን አየ። «እሷን ነው? ጨመርኩላት።»

«ማን አለ ውስጥ?»

«እኔ እንጃ።»

«ታዲያ ለማን ነው የጨመርከው?»

ሳቀብኝ። «ለእኛ ነዋ! ለካሳ ክፍል። ካለቀና አረንጓዴ ከሆነች ሽያጮች ዘለው ይይዟታል። ቀይ ሆና ከቆየች ግን እኛ ስንፈልግ መንካቱን እንተዋለን፤ አረንጓዴ ስትሆን ቀድመን ሰተት ነው። ያለፈ ሁሉ አንድ ይነካታል።»

«ያለፈ ሁሉ?»

«የእኛ ክፍል ሰው ሁሉ። ሲገቡ ሲወጡ። ምነው?» ከዚያ ገባው መሰለኝ። ወደታሸገችው በር አየ፤ «ኧረ በፈጣሪ!» አለና ግድግዳውን ተደገፈ።

ኃላፊውን አስጠራሁት። ሽቶው ዛሬም ቀድሞት መጣ።

«ትእዛዝ አልሰጠሁም» አለ። «ልማድ ነው።»

«ማን አስለመዳቸው?»

«እኔ... አንዴ ስብሰባ ላይ ለቀልድ ብዬ ነው። ‹ክፍሏን አረንጓዴ ያደረጋት ይከፍላታል› አልኩ። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ቀጠለ። ሰው እንደሚሞት በምን አውቃለሁ?»

«ያን ቀንስ ለአየር ሲወጡ ነክተዋታል?»

ክራባቱን ማስተካከል ጀመረ። እኔም ደግሜ አልጠየቅኩትም፤ ብጠይቀው በጥፊ የምለው መስሎኝ ፈራሁ።

ጣቢያ ተመልሰን የካሜራውን ቪዲዮ እንደገና ከፈትነው። በፊት ስናየው ማን ገባ፣ ማን ወጣ ነበር የፈለግነው። አሁን እጅ ነው የምንፈልገው። ሞልቷል! ቦርጫሙ ነካት። ኃላፊው እየተንጠራራ መጥቶ ነካት። ሌሎችም። አንዳቸውም በሩን አያዩም። በሩ ማዶ ሰው ተደፍቶ ይተነፍሳል።

ከሁሉም አብዝታ የነካቻት ግን አንዲት ሴት ናት፤ ወንበሯ ለውኃ ማሽኑ ቅርብ ነው መሰለኝ፣ ብርጭቆ ይዛ ትመላለሳለች። ስትሄድ ነካ፣ ስትመለስ ነካ። ፊቷ ወደ ካሜራው አልዞረም። አመሻሹ ላይ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። በሩ ፊት ለፊት ቆመች። ስልክ አውጥታ ደወለች፣ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ያኔ ነው ዞር ያለችው።

ሃምሳ አለቃው ሱፉን አቆመ። «ኢንስፔክተር፣ ይቺ ሴት...»

«አይቻለሁ።»

የሟቹን ስልክ ከማስረጃ ሳጥን አስወጣሁ። ድምፁ ተዘግቷል። በዚያው ሰዓት ያልተነሳ ጥሪ አለ፤ የደዋዩ ስም «እትዬ» ይላል። ቪዲዮው ላይ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። ከደንበኛ ጋር ነው ብላ ይሆናል። ስክሪኗን አየች፣ በጣቷ አንድ ነካችላት፣ ወደ ሊፍቱ ሄደች። ወንድሟ ከእሷ ያለው ርቀት የበር ውፍረት ነው።

ኮማንደሩ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አስደግሞ አየ።

«ልጁን ፍቺው» አለ በመጨረሻ። «መዝገቡ ላይ ‹ቸልተኝነት፣ ማንነታቸው ያልተለየ ሠራተኞች› ብለሽ ዝጊው። ለሴትየዋ ምን ያደርግላታል? ተያት።»

የመፍቻ ወረቀቱ ጥቂት ቀናት ፈጀ። ቪዲዮው ላይ ያየነውን ስነግረው ካላንደሩም ይሄንኑ ለመነኝ። ቀበቶውንና የጫማ ክሩን እያስረከብኩት ነው። መሥሪያ ቤቱ «ያለ ፈቃድ ክፍል በመያዝ» ብሎ ያባረረበትን ደብዳቤም አብሬ ሰጠሁት፤ አላነበበውም።

«እባክዎ አይንገሯት። እኔ ነኝ ብላ ታስብ። ምንም አይደል፣ እችለዋለሁ።»

«እድሜህን ሙሉ ነፍሰ ገዳይ ስትባል ትኖራለህ?»

«እሷ ሌላ ሰው የላትም፣ ኢንስፔክተር።»

«አንተስ ማን አለህ?» አልኩት፤ ተቆጣሁ። እኔ ሰው ሲታዘንለት የምበሳጭ ሴት ነኝ፤ እሱ ግን አሳዘነኝ። «እናትህ ሰፈር ውስጥ ቀና ብላ እንዳትሄድ? ሂድ፣ የኋላው በር ይሻልሃል።»

እልህ ያዘውና በፊት ለፊቱ በር ወጣ። የሟቹ ታላቅ እህት ደግሞ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ናት። ከቀብሩ በኋላ አንድም ቀን ሳትቀር ጣቢያችን እየመጣች እዚያ ወንበር ላይ ትውላለች። ጥቁር ለብሳለች። ክሩን ሳያስር፣ ቀበቶውን በእጁ ይዞ ሲያልፍ አየችው።

«ለቀቃችሁት?» ብድግ አለች። «ለቀቃችሁት! ስንት በላችሁ? ወንድሜን ቆልፎ ገድሎ በእግሩ ይሄዳል? አንተ ውሻ! አንተ...» ጫማዋን አውልቃ ወረወረችበት፤ ጀርባውን መታው። እሱ አልዞረም። አጎንብሶ ጫማውን አነሳ፣ በቀስታ እግሯ ሥር አስቀመጠላት፣ ሄደ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር። አንዱ ወረፋ ጠባቂ «ገዳይ» ሲል ሰማሁ።

በቃኝ።

«ነይ» አልኳት። «ነይ እህቴ፣ ግቢ።»

ቢሮዬ አስገባኋትና በሩን ዘጋሁት። መጀመሪያ የስኳሩን ነገር ነገርኳት። «ውሸት ነው፣ እኔ ሳላውቅ?» አለች። ለምን እንደደበቃት ነገርኳት። ያን ጊዜ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፤ «ሞኝ» አለች፣ «የኔ ሞኝ።» ከዚያ የካላንደሩን ግማሽ ሰዓት ነገርኳት። ከዚያ ሐኪሙ ያለውን። ዓይኗን ጠረገች።

«ታዲያ በሩን ማን ዘጋበት? አመጣልሻለሁ ብለሽኝ አልነበር?»

ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞርኩት። ለራሴ ‹አሁንም ማቆም ትችያለሽ› አልኩ። አላቆምኩም።

ቦርጫሙን ስታይ «ይሄ የእኛ ክፍል ሰው ነው» አለች። ኃላፊውን ስታይ ተራገመች። ከዚያ ብርጭቆ የያዘችው ሴት መጣች፤ ታላቅ እህቱ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለች። ሴትየዋ ስትሄድ ነካች፣ ስትመለስ ነካች። በመጨረሻ ቦርሳዋን አንግታ ቆመች፣ ስልኳን አወጣች።

«ይሄ እኮ...» አለች። እጇ ወደ አፏ ሄደ። «ደወልኩለት እኮ። እዚያ ቆሜ ደወልኩለት።»

«አዎ።»

«ያን ጊዜ በሕይወት ነበር?»

ብዙ ሰው ብዙ ነገር ጠይቆኛል፤ እንደዚያ ያለ ጥያቄ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ዋሽቼ ቢሆን ማንም አይፈርድብኝም ነበር።

«ነበር» አልኳት።

ቪዲዮው ሴትየዋ ስክሪኗን ስትነካ አሳየና አለቀ። ታላቅ እህቱ አልጮኸችም። ደረቷን አልመታችም። ቀስ ብላ ሁለት እጇን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ አስቀመጠች፤ ሰው ለካቴና ሲያቀርብ እንደዚያ ነው።

«በይ።»

«ምን ልበል?»

«እሰሪኝ።»

«ክስ የለብሽም።»

«ገድያለሁ እኮ። አይተሽኛል። ምን ሌላ ትፈልጊያለሽ?»

«ሕጉ ወንጀል አይለውም። ልማድ ነው፤ አላወቅሽም።»

«እሱንስ ለስንት ቀን አሰርሽው? ያልነካውን?» ድምጿ ከፍ አለ። «እኔን ለምን አታስሪኝም? በኔ ሲሆን ሕጉ የት ሄደ? እሰሪኝ እልሻለሁ!»

«አልችልም፣ እህቴ። ቤትሽ ግቢ።»

«የትኛው ቤት?»

በሩን ከፈትኩላት። ወደ ውጭ ወጣች፤ ወደ ቤቷ ግን አልሄደችም። እስረኞች የሚገቡበት የብረት በር ፊት ሄዳ ቆመች። ጠባቂው «እህት፣ ምን ፈልገሽ ነው?» ቢላት «ክፈትልኝ» አለችው። እየቀለደች መሰለው፤ ሳቀ። እሷ ብረቱን በሁለት እጇ ያዘች።

ስንቱን እየታገለ፣ እየተራገጠ በዚያ በር አስገብቻለሁ። ያን ቀን ግን ሃምሳ አለቃውና እኔ የአንዲት ሴትን ጣት ከብረቱ ላይ አንድ በአንድ ስናላቅቅ አመሸን፤ አንገባም የሚሉትን ሳይሆን፣ አስገቡኝ ያለችውን።